በአማካዩ ውስጥ የሌሉ ቀናት

"ለመምህርሽ ዛሬ ካልነገርሻቸው እኔ እደውልላቸዋለሁ" አለ የቤተ ሙከራው ኃላፊ፣ ጃኬቱን ከወንበሩ መደገፊያ ላይ እያነሳ። "የእርማቱ ጽሑፍ ሰኞ ጠዋት ለሐኪሞቹ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ወሬው ከእጃችን ወጣ ማለት ነው።"

"አንተማ እንዳትደውል" አለች ቆጣሪ፣ ዓይኗን ከላፕቶፑ ሳትነቅል። "አንተ ስትደውል እኮ ሰው የደወለ አይመስልም። መብራት የሚጠፋበትን ሰፈር የሚያስታውቅ ማስታወቂያ ነው የምትመስለው።"

ኃላፊው ሳቀ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከእሷ በዕድሜ ያንሳል፣ ሥራውን ያውቃል፣ ትንሽ ይቸኩላል እንጂ። "እንግዲያው ተነሺ" አላት። "ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ ቤታቸው ናቸው።"

"የት ይሄዳሉ ብለህ ነው" አለችና ላፕቶፑን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ተነሳች።

ቆጣሪ እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። ተማሪ ሆና ወደዚህ ሙያ በገባችበት ሰሞን ጥቅል ወረቀትና እርሳስ ተሰጥቷት የአንጎል ሞገድ አንድ በአንድ እንድትቆጥር ታዘዘች። ጓደኞቿ ጥቂት ገጽ ቆጥረው የቀረውን በግምት ሲሞሉ፣ እሷ በሻይ ሰዓት እንኳ ወረቀቱን ጭኗ ላይ ዘርግታ ስትቆጥር ተገኘች። መምህሯ አዩዋትና "ይቺ ልጅስ ቆጣሪ ናት፤ ግድግዳ ላይ ሰቅለን የመብራቱን እናስነብባት" አሉ። ስሙ ያን ቀን ተለጠፈባት። ይኸው ፀጉሯ ገብስማ ሆኖ፣ ራሷ የምታስተምራቸው ልጆች ኖረዋትም አልላቀቃትም።

መምህሩም ቢሆኑ ያለ ቅጽል አልቀሩም። ተማሪ ሁሉ በሌሉበት "አባ መስመር" ይላቸዋል። ከአንድ ሰው አናት የተቀዳ አንድ የአንጎል ቅጂ ዶሮ የጫረችው መሬት ነው የሚመስለው፤ ራስም ጅራትም የለውም። አባ መስመር ግን የብዙ ቅጂዎችን የሞገድ ጉልበት ለክተው፣ ደራርበው፣ አማካዩን ሲያወጡት ከዚያ ሁሉ ጭረት መሐል አንድ ለስላሳ መስመር ብቅ ይላል። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ይሉ ነበር ክፍል ውስጥ፣ ጠመኔውን ጣታቸው መሐል እያሽከረከሩ። "አንዷን ክር አትመኗት። ስታብር ነው ጉልበቷ።"

ስማቸውን ያስጠራው ግኝትም በዚሁ መላ የተገኘ ነው። ለአንድ ሰው ፎቶ ያሳዩታል፤ ፎቶውን ይሸሽጉትና "በሐሳብህ ያዘው" ይሉታል። ፎቶው ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ በራስ ቅሉ ላይ የተለጠፉት ሽቦዎች አንድ ሞገድ ይቀዳሉ። በአባ መስመር አማካይ ላይ ይህ ሞገድ ፎቶው ሲሸሸግ ይነሳል፤ እስኪመለስ ድረስ ሳይወድቅ ይቆያል። "አእምሮ የያዘውን አይለቅም" ብለው ጻፉ። ከዚያ ወዲህ የመጣ ተማሪ ሁሉ እየሸመደደው አለፈ። አሁን ግን ነገሩ ከሽምደዳ አልፎ ሰው አናት ላይ ሊወጣ ነው። ሐኪሞች፣ ጭንቅላታቸው ተመትቶ የያዙትን ሐሳብ ወዲያው ለሚጥሉ ሕሙማን የሚሆን መሣሪያ ሠርተዋል፤ ደካማ ኤሌክትሪክ እየሰጡ ሞገዱን ሳያቋርጥ ደግፎ ለማቆየት። ለዚህም የድሮዎቹ የቴፕ ቅጂዎች ወደ ኮምፒውተር እንዲገለበጡ ተፈለገ፤ ሥራውም ለቆጣሪ ተሰጠ።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። እንደ ልማዷ አማካዩን ትታ ቅጂዎቹን አንድ በአንድ ማየት ጀመረች። የማያቋርጥ ሞገድ የሚባል ነገር አጣች። በአንዱ ቅጂ ሞገዱ መጀመሪያ ላይ ቡግ ብሎ ይጠፋል፤ በሌላው መሐል ላይ፤ በሌላው ሊያልቅ ሲል ሁለቴ። ቡግ የሚልበት ጊዜ ከቅጂ ቅጂ ስለሚለያይ፣ ሲደራረቡ አንዱ የሌላውን ክፍተት ይሞላና ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ መስመር ይሆናሉ። ያ የማይቋረጥ ሞገድ በማንም አንጎል ውስጥ ኖሮ አያውቅም፤ የተወለደው ድመራው ውስጥ ነው። በቅርብ ጊዜ በተቀዱ ሰዎች ላይም ብታየው ያው ሆነ። እንግዲህ መሣሪያው ያለማቋረጥ ቢገፋ በሽተኛውን ይረዳል ወይስ ያውከዋል? ዝም የሚባል ነገር አይደለም።

ይኼ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። ሳይንስ ነው፤ ሰው ይሳሳታል፣ ይታረማል። ጭንቀቱ ቅጂዎቹ የማን እንደሆኑ ነው። የእትዬ ናቸው፤ የአባ መስመር ሚስት። የተሸሸገው ፎቶም የአባ መስመር የራሳቸው ነው። እትዬ ካረፉ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸዋል።

አውቶቡሱ ውስጥ መቀመጫ አግኝታ ቦርሳዋን አቀፈችው። ያ ዘመን መጣባት። ቤተ ሙከራው ያኔ አንድ ክፍል ነበር፣ የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ጀርባ። ቀኑን ሙሉ የሳሙና እንፋሎት በመስኮቱ ይገባል፤ የመሣሪያው ብዕሮች ወረቀቱ ላይ ሲንጫጩ ይውላሉ፤ ጎናቸው ያለው ቴፕ ያንኑ ይቀዳል፤ የሁሉም ጣት በቀለም ሰማያዊ ነው። አናቱን ለሽቦ የሚሰጥ ሰው ጠፋ። ሰው ሁሉ "የሆዴን ሊያነብብኝ ነው" እያለ ሸሸ። በመጨረሻ እትዬ ከስልክ ማዞሪያ ክፍል ሥራቸው ሲወጡ መምጣት ጀመሩ። ጫማቸውን አውልቀው ይቀመጡና "በሉ፣ ፀጉሬን ሊጥ አድርጉት እንግዲህ" ይላሉ፤ ሽቦው የሚለጠፍበትን ቅባት ማለታቸው ነው። ቅባቱን የምትቀባው ቆጣሪ ነበረች። የፀጉራቸውን ሥር በማበጠሪያ እየከፈለች ስትቀባ እትዬ በጆሮዋ ያወሩላታል፦ ስለ ሚስጥረኛ ደዋዮች፣ ስለ ባላቸው ማንኮራፋት፣ ስለ ሕፃኗ ልጃቸው። እናቷን በልጅነቷ ላጣች ሰው ያ ሰዓት የቀኑ ሁሉ ማር ነበር። ናፈቃት። ዓይኗን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ እንዳያያት።

ከእትዬ ቀብር ወዲህ ሄዳ የጠየቀቻቸው ሁለቴ ይሁን ሦስቴ። እየደወለች ግን "ጋሼ፣ ሁልጊዜ እኮ አስብዎታለሁ" ትላለች። ውሸቷን አልነበረም።

በሩን የከፈተችላት የአባ መስመር ልጅ ናት። ፋርማሲ ነው የምትሠራው፤ ነጩን ጋውን ገና አላወለቀችም። ቆጣሪን አቅፋ ሳመቻትና ፊቷን አይታ ተጠራጠረች።

"ምን ሆነሻል? ሰው ሞተ እንዴ?"

"አልሞተም። ጋሼን ላናግር ነው የመጣሁት፤ ስለ ድሮው ቅጂ።"

ልጅቱ የሳሎኑን በር ገርበብ አድርጋ ወደ ወጥ ቤት ሳበቻት። ቆጣሪ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብላ አንድም ሳታስቀር ነገረቻት። ልጅቱ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሰማቻት፣ አልገባትም።

"አማካዩ እውነት ከሆነ ምን ነካው ታዲያ?"

"የክረምት ወር አስቢ" አለች ቆጣሪ። "በየቀኑ ይዘንባል እንበል። ግን አንዱን ቀን ጠዋት፣ አንዱን ቀን ቀትር ላይ፣ አንዱን ቀን ሊመሽ ሲል፤ ለትንሽ ጊዜ ዶፍ ያወርድና ያባራል። አሁን ወሩን በሙሉ ደምረሽ ለቀኖቹ አካፍዪው። ምን ይወጣሻል?"

ልጅቱ አሰበች። "ቀኑን ሙሉ ካፊያ።"

"አየሽ? እንደዚያ ያለ ቀን ግን በወሩ ውስጥ አንድም አልነበረም።"

ቧንቧው ይንጠባጠብ ነበር፤ ልጅቱ አጥብቃ ዘጋችው። "ስሚኝ" አለች በመጨረሻ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "እማዬ ከሞተች ወዲህ አባዬን እንቅልፍ የሚወስደው በዚያ መስመር ነው። ማታ ማታ 'እናትሽ እኮ ሳታቋርጥ ይዛኝ ነበር' ይለኛል። ሌላው ሰው ያለው ትዝታ ነው፤ እሱ ማስረጃ አለው። ይኼን ልትወስጂበት ነው የመጣሽው?"

"ሰኞ ከሌላ ሰው ይሰማዋል።"

"ማንም አይነግረውም። ማን ይመጣል እዚህ? አንቺ ራስሽ መች መጣሽ?"

ልጅቱም ያለችው ነገር ቆጭቷት ትከሻዋን ነካ አደረገቻት። "አይ እንግዲህ" አለች። "ግቢ። ብቻ ቀስ በይበት።"

አባ መስመር መስኮቱ ሥር ባለው ወንበር ላይ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ጣል አድርገው ተቀምጠዋል። ከስተዋል። የሸሚዛቸው አንገት ሰፍቷቸዋል፤ ዓይናቸው ግን ያው ነው፣ ተማሪ ሳያጠና ሲመጣ ከሩቅ የሚያውቅ ዓይን።

"ቆጣሪ! ምነው፣ መብራት ሊቆረጥብን ነው?"

"ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ?" አለችና ጉልበታቸው ሥር ካለው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ድሮም እዚያ ነበር የምትቀመጠው።

አወሩ። የልብስ ማጠቢያው እንፋሎት ተነሳ፤ ወረቀቱ አልቆ በማሸጊያ ወረቀት የቀዱበት ቀን ተነሳ። ፎቶው ተነሳ። ለሙከራው የሚሆን ልኩ የተመጠነ ፎቶ ቢጠፋ፣ አባ መስመር ከመታወቂያ የተረፈቻቸውን አውጥተው ለጠፉ። እትዬ ባዩዋት ቁጥር "ጥርሱ ሊነቀል የተቀመጠ ሰው ነው የሚመስለው" እያሉ ይስቁ ነበር፤ መሳቃቸውም ቅጂውን ያበላሸዋል። አባ መስመር ይህን ሲያወሩ ከልባቸው ሳቁ። ከዚያም ሳቁ ፊታቸው ላይ ሳለ "እና ያንን ፊት ሳትለቅ ይዛ ትቆያለች" አሉ። "ታምኚያለሽ? ያንን ፊት!"

ቆጣሪ ልጅቱ ያቀረበችላትን ሻይ አነሳች፤ ሳትጠጣ መልሳ አስቀመጠችው።

"በይ ተናገሪ" አሉ አባ መስመር። "ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ቅዳሜ ቀን ላፕቶፕ ተሸክመሽ የመጣሽው ልትስሚኝ አይደለም።"

ላፕቶፑን አውጥታ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። መጀመሪያ አማካዩን አሳየቻቸው። የሚያውቁት መስመር ነው፤ በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ምንም ሳትል ቅጂዎቹን አንዱን ከአንዱ በታች ደርድራ ከፈተች፤ ሞገዱ ቡግ ያለበት ቦታ ሁሉ በቀይ ተቀልሟል። ከአናት እስከ ግርጌ የተበታተኑ ቀያይ ጭረቶች፣ በመሐላቸው ደግሞ ሰፋፊ ባዶ።

አባ መስመር መነጽራቸውን አስተካከሉ። ለመረዳት ጊዜ አልወሰደባቸውም፤ ለመቀበል እንጂ።

"ጫጫታውን የምትለዪበት ማጣሪያሽ ነው" አሉ። "ስለታም ነገር ማጣሪያ ውስጥ ሲያልፍ ያስተጋባል፣ ብረት መትተሽ ድምፁ እንደሚቆየው። ያንን ነው ሞገድ ያልሽው።"

"ሳላጣራም አይቻቸዋለሁ ጋሼ። ቢያንስ ሦስት ሙሉ ዙር ያልዞረውን አልቆጠርኩም።"

"የዓይን መርገብገብ ነው።"

"የዓይኑን ቅጂ ጎን ለጎን አድርጌ አውጥቼዋለሁ።"

"እንግዲያው ሞገዱ ሁልጊዜም አለ፤ ከጫጫታው በታች ሲወርድ አይታይሽም። አለመታየት አለመኖር ነው ያለሽ ማን ነው?"

ይኼኛው ጠንካራ ነበር። እሷም ስትጠብቀው ነበር። "ያንንም ፈትኜዋለሁ" አለች ቀስ ብላ። "በኮምፒውተር የማያቋርጥ ሞገድ ሠራሁ፤ ከእትዬ ቅጂ የወሰድኩትን ጫጫታ ጨመርኩበት። እሱ ከቅጂ ቅጂ ትንሽ ነው የሚዋዥቀው። የእትዬ እንደዚያ አይደለም። ወይ አለ፣ ወይ የለም።"

አባ መስመር ቀያዮቹን ጭረቶች ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ተከተሉ። "ማን ነው ይኼን ያስተማረሽ?" አሉ በመጨረሻ።

"እርስዎ ነዎታ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ኩራትም ሕመምም ባንድ ላይ ፊታቸው ላይ መጣ፤ የቱ እንደሚበልጥ እሳቸውም ያወቁ አይመስልም። ላፕቶፑን ገፋ አደረጉት።

"ስለዚህ ትታኝ ነበር ማለት ነው።"

"ጋሼ..."

"ሳታቋርጥ ይዛኝ ነበር እያልኩ ለሰው ሁሉ ስለፍፍ ኖርኩ። በቀብሯ ላይ ሳይቀር ተናገርኩ፤ አልሰማሽኝም? ለካ አንድ ጊዜ ብልጭ አልኩላትና ሄደች። የቀረውን ጊዜ የት እንደነበረች ማን ያውቃል።"

ቆጣሪን ከሟች እጅ ቀለበት የፈታች ያህል ነው የተሰማት። "አልተዉዎትም" አለች። "ይመለሱ ነበር እኮ። በእያንዳንዱ..."

"አታባብዪኝ!" አሉ አባ መስመር። "እንድታባብዪኝ አይደለም ያስተማርኩሽ።" ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ልጃቸው በሩ ላይ ቆማ ነበር። ለቆጣሪ በዓይኗ ምልክት ሰጠቻት፤ ይበቃል፣ ሂጂ። ቆጣሪ ተነሳች። ላፕቶፑን ከጉልበታቸው ላይ ልታነሳ ስትል፣ አባ መስመር ፊታቸውን ሳይመልሱ ተናገሩ።

"ባዶዋ።"

"አቤት?"

"አንድም ቀይ የሌለባት ባዶ ቅጂ አለች። ከታች አየኋት። ለምን አልጣልሻትም?" አስተማሪ አስተማሪ ነው፤ ልቡ ተሰብሮም ቢሆን ያርማል።

"የምጥልበት ምክንያት አጣሁ" አለች ቆጣሪ። "ንግግሩ ከቅጂው በፊት አልቋል። ሞገዱን አላበላሸውም።"

"የምን ንግግር?"

"በትርፉ መስመር ላይ ያለው ነዋ። የትንሿ ማይክሮፎን።"

አባ መስመር ዞሩ። ማይክሮፎኗን ረስተዋት ነበር። የቅጂውን ቁጥር የሚያትመው ብዕር ቶሎ ቶሎ እየደረቀ ቢያስቸግራቸው፣ ቁጥሩን በድምፅ እየጠሩ በቴፑ ትርፍ መስመር ላይ ይቀዱ ነበር። ድመራው ውስጥ የሚገባው ሞገዱ ብቻ ነው፤ የድምፁን መስመር ከዚያ በኋላ ማንም ከፍቶት አያውቅም። ቆጣሪ የከፈተችው የየቅጂውን መጀመሪያ ለማግኘት ነው። ያን ቀን ቢሮዋን ቆልፋ አልቅሳለች። ይህን ግን ለኃላፊውም አልነገረችውም።

"ክፈቺው" አሉ።

"አባዬ፣ ሌላ ቀን ይሁን" አለች ልጅቱ።

"ክፈቺው አልኩሽ!"

ቆጣሪ ባዶዋን ቅጂ መርጣ ተጫነች። መጀመሪያ የቴፑ ሹሹታ መጣ፤ ከበስተኋላው የማጠቢያ መኪኖቹ ጉርምርምታ። ከዚያ ወጣት የወንድ ድምፅ፣ ቸኮል ያለ፣ ቁጣ ቁጣ የሚለው፦

"ቅጂ ሠላሳ አንድ። አታውሪ፤ አገጭሽን አታንቀሳቅሺ።"

ቀጥሎ የእትዬ ድምፅ፣ ቅርብ፣ ሞቅ ያለ፣ ሊስቅ የተዘጋጀ፦

"ልብስ አስጥቼ ነው የመጣሁት። ደመናውን አይተኸዋል?"

"አታውሪ አልኩሽ እኮ!"

"እሺ እሺ። በል ያዝኩህ፣ ጀምር።"

ከዚያ ጸጥታ። በላፕቶፑ ላይ የቅጂው መስመር ቀጥ ብሎ ሄደ፤ ጭረት ብቻ፣ አንድም ሞገድ የለበትም። ጸጥታው ሲያልቅ የእትዬ ድምፅ ተመለሰ፦ "ኧረ ይኸው ጣለ! የአንሶላው ነገር አለቀለት!" ወንበር ሲንኳኳ ተሰማ፣ ሽቦ ሲጎተት፣ ወጣቱ ሰውዬ "ሽቦውን! ሽቦውን!" እያለ ሲጮህ። ተቆረጠ።

ልጅቱ ሶፋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። የእናቷን ድምፅ ከሞተች ወዲህ ሰምታው አታውቅም፤ ያውም በዚያ ዕድሜ። በጋውኗ እጅጌ አፏን ያዘች።

አባ መስመር መጀመሪያ የሚያለቅሱ መስሏት ነበር ቆጣሪ። እየሳቁ ነው። ትከሻቸው እስኪርገፈገፍ፣ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ፤ እንባው የመጣው ከሳቁ በኋላ ነው። "አልያዘችኝም!" አሉ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። "ያዝኩህ ብላ ዋሽታኝ ስለ አንሶላ ነው የምታስበው! ሽቦውን አናቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ሮጠች እኮ! ያቺን ሽቦ ለመጠገን ስንት ቀን ፈጀብኝ!"

"እኔ አስታውሳለሁ" አለች ቆጣሪ፣ እሷም እየሳቀች እያለቀሰች። "አንሶላውን ማጠቢያ ቤቱ እንፋሎት ላይ አደረቅነው።"

"ይኼን ቀን ረስቼው ነበር። እንዴት ረሳሁት?" እንባቸውን በብርድ ልብሱ ጫፍ ጠረጉ። "ድመራው ውስጥ አስገብቼዋለሁ፤ አስታውሳለሁ፣ ሠላሳ አንድን አልጣልኩም። ደምሬ ነው ያጠፋሁት።" ቀያዮቹን ጭረቶች እንደ አዲስ አዩዋቸው። ወደ አንዷ አመለከቱ፤ ሊያልቅ ሲል ሁለቴ ቡግ ወዳለችው። "ይቺስ? ይቺ ምን ትላለች?"

ቆጣሪ ከፈተችላቸው። ወጣቱ ድምፅ ቁጥር ጠራ። እትዬ አዛጉ። "ዛሬ ደክሞኛል፤ ደዋዩ ሁሉ ሲሳደብ ነው የዋለው" አሉ። "እንግዲያው ይቅር?" አለ ወጣቱ፤ በዚህኛው ቁጣ የለበትም። "አይ፣ ከመጣሁማ ልያዝህ" አሉ እትዬ። ጸጥታ። መስመሩ ለብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ሄደ። አባ መስመር ትንፋሻቸውን ዋጡ። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሞገዱ ቡግ አለ፤ ጠፋ፤ እንደገና ቡግ አለ።

"መጣች" አሉ አባ መስመር በሹክሹክታ። ጣታቸውን ቀዩዋ ጭረት ላይ አሳርፈው ቆዩ። "ደክሟት እያለ። ረስታኝ ነበር፣ ከዚያ አስታወሰችኝ።" ወደ ልጃቸው ዞሩ። "እናትሽ ናት። በቃ፣ እንደዚህ ነበረች። ትቆጣኝና ወጥ ቤት ትገባለች፤ ዘንግታኛለች ስል ብርድ ልብስ ይዛ ትመጣለች። እኔ ነኝ ካፊያ ያደረግኳት።"

ልጅቱ ቀና አለች። "ወጥ ቤት ያወራነውን ሰምተሃል?"

"ቤቱ ጠባብ ነው፤ ቆጣሪ ደግሞ ድምፅዋ ወፍራም ነው" አሉ። ቆይተውም ወደ ቆጣሪ ዞረው "ለዚያ ልጅ ንገሪው" አሉ፣ ኃላፊውን ማለታቸው ነው። "ሰኞ ይላከው። በሽተኛው አናት ላይ ካፊያ እንዳይለቁበት። የኔንም ስም ካረሙት ሰዎች ተርታ ያስገባልኝ፤ ከተሳሳቱትማ ድሮም አለሁበት።"

ሦስቱም ተጠጋግተው ሌሎች አዳመጡ። በአንዷ እትዬ ስለ ልጃቸው ጥርስ ማብቀል አወሩ፤ ልጅቱ ጥርሷን ባለማመን በጣቷ ነካች። በሌላዋ "ያቺን ልጅ አታስርባት፤ እርሳስ ይዛ ቀረች እኮ" ሲሉ ተሰሙ። ያቺ ልጅ ቆጣሪ ናት። ከዚያ በኋላ የመጣውን ቅጂ ቆጣሪ አልሰማችውም፤ ጆሮዋ ያኛው ላይ ቀርቶ ነበር። ውጭ ብርሃኑ ሳሳ። የአባ መስመርም ዓይን መድከም ጀመረ፤ ጭንቅላታቸው ወደ ወንበሩ መደገፊያ አዘነበለ።

"ይበቃኛል ለዛሬ" አሉ። "ኮምፒውተሩን ትተሽልኝ ሂጂ። እሷ ትከፍትልኛለች።"

ልጅቱም "ተይለት" በሚል ዓይን አየቻት። ተገቢ ነገር ነው፤ ከሳቸው በላይ ለቅጂዎቹ ማን አለ? ትታላቸው ብትሄድ ቀሪዎቹን ማታ ማታ እየከፈቱ ይሰማሉ፣ ይስቃሉ፣ ያለቅሳሉ። እሷ ደግሞ ሰኞ ሥራ ትገባለች፤ በወሩ ትደውልና "ጋሼ፣ ሁልጊዜ እኮ አስብዎታለሁ" ትላለች። እውነቷን ነው ደግሞ፣ ታስባቸዋለች።

ላፕቶፑን ከጉልበታቸው ላይ አነሳችና ዘጋችው።

"አይሆንም ጋሼ። ከመሥሪያ ቤት አይወጣም።"

"እንዴት አይወጣም? ወጥቶ የለም እንዴ? እስካሁን ጭኔ ላይ የነበረው ምንድን ነው?"

"በስህተት ነው የወጣው።"

አባ መስመር በአንድ ዓይናቸው አዩዋት፤ ያጠናና ያላጠና ተማሪ በሚለዩበት ዓይን። "ታዲያ የቀሩትን መቼ ነው የምሰማው?"

"ነገ ይዤው እመጣለሁ።"

"ነገ እሑድ ነው።"

"እመጣለሁ።"

"ሁሉንም አንጨርሳቸውም እኮ በአንድ ቀን።"

"አንጨርሳቸውም" አለች ቆጣሪ፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እያነገተች።